ወይኑን ማን ነካው? የአንዲት ብርጭቆ ረጅም ታሪክ



ዓርብ ማታ ነው እንበል። ልጆች ከየሥራቸውና ከየጦር ሰፈሩ ተሰብስበው መጥተዋል። ወጡ ደርሷል፣ ዳቦው ጨርቅ ለብሶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አንዱ ልጅ ከቦርሳው ጠርሙስ ያወጣና «ይሄ ተራ ወይን አይደለም፤ ከትንሽ ዬኬቭ ነው፣ ኦርጋኒክ ነው» ይላል። ዋጋውን ስንሰማ ክው እንላለን። እናታችን ቀመስ ያደርጉና «እንዴ! ይኮመጥጣል እኮ! ስኳሩ የታለ?» ይላሉ። ልጆቹ ይስቃሉ። አባታችን ደግሞ ብርጭቋቸውን ገፋ አድርገው ያው የለመዱትን ጣፋጩን የኪዱሽ ወይን ያስመጣሉ።

ይሄ በብዙዎቻችን ቤት ያለ ነገር ነው። ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ወይን ጠጡ ለማለት አይደለም። ልጆቻችን የሚያመጡት ጠርሙስ ከየት እንደመጣ፣ ትንሽ ዬኬቭና ኦርጋኒክ ማለት ምን እንደሆነ፣ ከእኛ ታሪክ ጋርስ የት ላይ እንደሚገናኝ ለመናገር ነው። ይገናኛልና። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ባለፈው የወይን ለቀማ ወቅት ጥቂት ሆነን፣ አዛውንቶቻችንን ይዘን፣ በይሁዳ ተራሮች ወዳለች አንዲት ትንሽ ዬኬቭ ሄደን ነበር። ዬኬቭ ማለት ወይን ፍሬው ተጨምቆ መጠጥ የሚሆንበት ቤት ነው። ባለቤቱ የትልቁን ጋን ክዳን ከፍቶ «አሽትቱ» አለን። ከእኛ ጋር የነበሩ አንዲት የጎንደር ገጠር እናት ጎንበስ ብለው አሸተቱና «ይሄማ ጥንስስ ነው። ገና ነው፣ አልበሰለም፤ ነገ ከነገ ወዲያ በደንብ ይፈላል» አሉ። ተረጎምንለት። ሰውዬው ደነገጠ። «ትላንት ነው የጀመርነው። እንዴት አወቁ?» ብሎ ጠየቀ። እሳቸውም «ልጄ፣ ስንት ዘመን ጠላ ስጠምቅ የኖርኩ ሰው ነኝ» አሉት።

ያን ቀን የገባን ነገር አለ። ወይን ማድነቅ የሚባለውን ነገር ልጆቻችን በኮርስ ይማሩታል፤ ወላጆቻችን ግን ሳያውቁት ይዘውት መጥተዋል።

በአገራችን ወይን ነበረ ወይ?

ቃሉ ነበረ። ኖኅ ወይን መትከሉን፣ ሙሴ የላካቸው ሰዎች ከኤሽኮል ሸለቆ አንዱን ዘለላ ለሁለት በመሎጊያ ተሸክመው መምጣታቸውን ከኦሪት ስንሰማ ነው ያደግነው። ምድሪቱ ከተመሰገነችባቸው ሰባቱ የእህልና የፍሬ ዓይነቶች አንዱ ወይን ነው። ዘለላውን በዓይኑ ያየ ሰው ግን በመንደሮቻችን ብዙ አልነበረም። የእኛ መጠጥ ጠላ ነበር፤ ለሠርግና ለትልቅ ቀን ጠጅ። ስሙንም ልብ በሉት፤ አማርኛችን የወይኑን መጠጥ «ወይን ጠጅ» ይለዋል፣ በጠጃችን በኩል አድርጎ ነው የተረዳው። ቀለሙንም እንኳ ወይን ጠጅ ብለን እንጠራለን።

ሰንበትን የምንቀበለው ቄሱ በሚባርኩት ዳቦ ነበር። በወይን ጽዋ ላይ የሚደረገውን ኪዱሽ ያደረጁት የታልሙድ ሊቃውንት ናቸው፤ እኛ ደግሞ ከእነሱ ተለይተን የኖርን፣ በኦሪት የጸናን ሕዝብ ነበርን። የፋሲካማ ልዩነቱ ይብሳል። በአገራችን በፋሲካ ሰባቱን ቀን ቂጣ ነው። የቦካ ነገር ሁሉ ከቤት ይወጣል፤ ጠላ ይቅርና እርጎ እንኳ አይቀመስም ነበር። እዚህ ስንመጣ በፋሲካ ሌሊት አራት ጽዋ ወይን ጠጡ ተባልን። «በፋሲካ የቦካ መጠጥ?» ብለው የተጨነቁ አባቶች ነበሩ፤ ጭንቀታቸውም ትክክል ነበር። መልሱ በራባኖች ሕግ ሐሜጽ የሚባለው ከአምስቱ የእህል ዓይነቶች የሚመጣው ብቻ መሆኑ ነው፤ ወይን ከእህል ስላልሆነ አይከለከልም። ይህን ቁጭ ብሎ በአማርኛ ያስረዳቸው ሰው ግን ስንቶቹ አገኙ?

ስለዚህ ለብዙዎቻችን ወይን የመጣው እንደ ትእዛዝ ነው። ታሪኩን ማንም አልነገረንም። እንግዲህ ታሪኩ ይኸውና።

በዚህ ምድር ወይን ስንት ዘመኑ ነው?

በሰሜን፣ ናሃሪያ አጠገብ፣ ቴል ካብሪ የሚባል ጥንታዊ ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 አርኪዮሎጂስቶች እዚያ ከአንድ ቤተ መንግሥት ጓዳ 40 ትላልቅ ጋኖች አወጡ። ዕድሜያቸው 3,700 ዓመት ገደማ ነው፤ በአንድ ላይ ወደ 2,000 ሊትር ይይዙ ነበር። በሸክላው ውስጥ የቀረው ሲመረመር ወይኑ ማር፣ የዛፍ ሙጫና ጥድ የተጨመረበት ሆኖ ተገኘ። ማር ያለበት መጠጥ በሸክላ ጋን! ይሄ ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር ነው?

ከዚያ በኋላ በመሳፍንቱም በነገሥታቱም ዘመን ወይን በዚህ ምድር አልጠፋም። ከ1,500 ዓመት በፊት፣ በቢዛንታይን ዘመን፣ ሥራው ትልቅ ንግድ ሆነ። በያቭኔ እ.ኤ.አ. በ2021 የጥንታዊ ቅርሶች ባለሥልጣን አምስት መጭመቂያዎች ያሉት አንድ ግቢ ማግኘቱን አስታወቀ። በዓመት ሁለት ሚሊዮን ሊትር ያህል ወይን ያወጣ እንደነበር ተገምቷል። ሁሉም በእግር የተረገጠ መሆኑን አስቡት። ወይኑ ረዘም ባሉ ጋኖች ተሞልቶ ከጋዛና ከአሽቀሎን ወደቦች ወደ ባሕር ማዶ ይሄድ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመው ግን የኔጌቭ በረሃ ነው። አቭዳት፣ ሺቭታ፣ ሃሉጻ የሚባሉት ከተሞች ዝናብ በጣም በሚያንስበት ምድር ወይን ያመርቱ ነበር። እንዴት? በክረምት የሚወርደውን ጎርፍ በድንጋይ እርከን ይዘው ወደ ማሳ እያስገቡ ነዋ። ማዳበሪያውስ? በየእርሻው የእርግብ ቤት ይሠሩ ነበር። እርግቦቹ የሚያስፈልጉት ለኩሳቸው ጭምር ነበር፤ ኩሱ እየተጠረገ ወደ ማሳው ይገባል። ዛሬ ኦርጋኒክ የምንለው ነገር ያን ጊዜ ስም አልነበረውም፤ እርሻ ማለት ያው ያ ነበር። ፋንድያና አመድ ማሳ ላይ የበተነ የእኛ ገበሬም ይህን ያውቀዋል።

ከዚያ መከራው መጣ። በ6ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ትልቅ ወረርሽኝ ብዙ አገር አዳረሰ፤ ገበያው ወደቀ፣ የበረሃው ወይንም እየቀነሰ ሄደ። በ7ኛው መቶ ዓመት አገሩ በእስላም አገዛዝ ሥር ሲገባ ደግሞ ወይን መጥመቅ እየጠበበ መጣ። ተክሉ አልጠፋም፤ ሰው ፍሬውን እየበላ፣ ዘቢብ እያደረቀ ኖረ። መጠጡ ግን በየቤቱ፣ ለሃይማኖት ያህል፣ በትንሽ በትንሹ ብቻ ቀረ። ብዙ መቶ ዓመት እንዲህ አለፈ።

ከባሮኑ እስከ ትንንሾቹ

እ.ኤ.አ. በ1848 የሾር ቤተሰብ በኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ የወይን መጥመቂያ ከፈተ። በ1870 የቴፐርበርግ ቤተሰብ ተከተለ። በዚያው ዓመት ሚቅቬ እስራኤል የሚባለው የእርሻ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ እዚያም ወይን ተተከለ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በባሮን ኤድሞንድ ደ ሮትሽልድ ነው። በፈረንሳይ ላፊት የሚባለው ስመ ጥር የወይን እርሻ ከ1868 ጀምሮ የቤተሰባቸው ነበር፤ ስለዚህ ወይን የሚገባቸው ሰው ናቸው። በ1882 የተመሠረተችው ሪሾን ለጺዮን ስትቸገር ረዷት፤ ከፈረንሳይ የወይን ዝርያና ባለሙያ አስመጡ፤ በ1890 አካባቢ በሪሾን ለጺዮን፣ ቀጥሎም በዚክሮን ያዕቆብ ትላልቅ ጓዳዎች አሠሩ። ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ፊሎክሴራ የምትባል ሥር የምትበላ ትንሽ ነፍሳት የተተከለውን አጠፋችው። ገበሬዎቹ ነቅለው እንደገና ተከሉ፤ በሽታውን በሚችል የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ አዳቅለው። በ1906 ጓዳዎቹ ወደ ገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር ተላለፉ። በዚያ ዘመን ከሠሩት የቀን ሠራተኞች አንዱ ዳዊት ቤን ጉሪዮን ነበሩ፤ በሪሾን ለጺዮን ጓዳ ውስጥ ወይን ረግጠዋል። የአገሩ መሪዎችም የጀመሩት እንደማንኛውም ስደተኛ ከጉልበት ሥራ ነው።

ከዚያ ለረጅም ዓመታት የአገሩ ወይን ማለት ያው ጣፋጩ የኪዱሽ ወይን ነበር። እኛ ስንመጣም ያገኘነው እሱን ነው። ለዚህ ነው ምላሳችን «ወይን» ሲባል ስኳር የሚጠብቀው።

በ1972 አንድ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር፣ ኮርኔሊየስ ኦው፣ አገሩን ጎበኙና የጎላን ከፍታ ለወይን የተመቸ መሆኑን ጠቆሙ። ከፍታው ቀዝቃዛ ነው፣ አፈሩም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ነው። በ1976 ተተከለ፣ በ1983 የጎላን ዬኬቭ በካጽሪን ተከፈተ፤ ደረቅ ወይን፣ ማለትም ስኳሩ ሁሉ ወደ አልኮል የተለወጠ ወይን፣ ስም አገኘ። ከዚያ ትንንሾቹ ብቅ አሉ። ያኢር ማርጋሊት የሚባሉ የኬሚስትሪ ምሁር በ1989 የራሳቸውን ትንሽ ዬኬቭ ጀመሩ። በይሁዳ ተራሮች፣ ራማት ራዚኤል መንደር፣ ኤሊ ቤን ዛኬን በቤታቸው አጠገብ ወይን ተክለው በ1992 የመጀመሪያውን ወይን አወጡ፤ 600 ጠርሙስ ብቻ! ዬኬቩ ዛሬ ካስቴል በሚል ስም በውጭ አገርም ይታወቃል። ከእነሱ በኋላ ብዙ ቤተሰቦች ተከተሉ። «ቡቲክ» የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ በተለምዶ በዓመት ከ100,000 ጠርሙስ በታች የሚያወጡ፣ ብዙዎቹም ከዚያ እጅግ ያነሰ።

ዋጋው ለምን ተወደደ ለምትሉ፦ አንድ ጠርሙስ ወይን ከአንድ ኪሎ በላይ ፍሬ ይፈልጋል። ትንሽ ቤት ፍሬውን በእጅ ይለቅማል፣ የበሰበሰውን በእጅ ይለያል፤ በርሜሉን ከውጭ በውድ ዋጋ ያስመጣል፤ ወይኑም ገበያ ሳይወጣ አንድ ሁለት ዓመት ይቀመጣል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ገንዘቡ አይመለስም።

ኦርጋኒክ ሲባል ምን ማለት ነው?

ኦርጋኒክ ወይን የሚጀምረው ከማሳው ነው። ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ፣ አረም ማጥፊያና የፋብሪካ ፀረ ተባይ መርዝ አይገባም። በምትኩ ፍግ፣ ብስባሽ፣ በረድፎቹ መካከል የሚዘራ ባቄላን የመሰለ ተክል፣ ለሻጋታም ድኝ ይጠቀማሉ። እስራኤል ለኦርጋኒክ ምርት ሕግ ያወጣችው በ2005 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ተነስቶ «የእኔ ኦርጋኒክ ነው» ብሎ መለጠፍ አይችልም፣ ተቆጣጣሪ ማረጋገጥ አለበት። በጓዳው ውስጥም ወይኑ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ሰልፋይት መጠኑ ይቀንሳል። ለምሳሌ በአውሮፓ ደንብ ለተራ ደረቅ ቀይ ወይን በሊትር እስከ 150 ሚሊ ግራም ሲፈቀድ፣ ለኦርጋኒኩ እስከ 100 ነው።

አንድ ያስገረመን ነገር አለ። በመርዝ የቆየ የወይን ማሳ ኦርጋኒክ ለመባል ብዙ ጊዜ ሦስት ዓመት ንጹሕ ሆኖ መቆየት አለበት። ኦሪት ደግሞ የአዲስ ተክል ፍሬ ሦስት ዓመት አይበላም ትላለች፤ ዖርላ ይባላል። ምክንያታቸው ይለያያል፤ ሁለቱም ግን ሰውን «ታገስ፣ ምድሪቱ ያንተ ብቻ አይደለችም» ይሉታል። በወይን ማሳ ሌላ እህል ቀላቅሎ መዝራት የለም። በሰባተኛው ዓመት ምድሪቱ ታርፋለች፤ ያለፈው ሽሚታ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2022 ነበር፣ የሚቀጥለው ከ2028 እስከ 2029 ነው። በካሸር ዬኬቭ ለመቅደሱ ዓሥራት መታሰቢያ ከወይኑ ከመቶ አንድ እጅ ትንሽ የሚበልጠው ይደፋል። ባለቤቱ የለፋበትን ወይን መሬት ላይ ሲያፈስ ማየት ደስ ይላል፤ «ሁሉም የእኔ አይደለም» ማለት ነውና።

ለምሳሌ ያህል አንዱን እንጥቀስ። ከኤይላት በስተሰሜን፣ በበረሃው ውስጥ፣ ኔኦት ስማዳር የሚባል ኪቡጽ አለ። በ1989 ጥቂት ሰዎች ከኢየሩሳሌም ወርደው የተተወ ሰፈር ላይ መሠረቱት። እርሻቸው በሙሉ ኦርጋኒክ ነው፤ ተምር፣ ወይራ፣ ፍየሎች፣ የራሳቸውም ትንሽ የወይን መጥመቂያ አላቸው። ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፤ ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። የአቭዳትና የሺቭታ ሰዎች ያደርጉት የነበረውን፣ በረሃ ላይ ወይን ማብቀልን፣ እነዚህም በሌላ መንገድ ሠሩት።

የጥንቱ ዝርያም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ተመራማሪዎች በአቭዳት የተገኘውን የወይን ዘር መርምረው ዘመዶቹ ዛሬም እንዳሉ እ.ኤ.አ. በ2023 አሳውቀዋል። ማራዊ የሚባለው የአገሩ ነጭ ወይንም፣ ለብዙ ዘመን ለመብል ብቻ ቆይቶ፣ ከ2014ቱ ለቀማ ጀምሮ እንደገና ጠርሙስ ገብቷል። አንድ ነገር ለረጅም ጊዜ ካልታየ ጠፋ ማለት አይደለም። ይህን ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሕዝብ ማን ነው?

በጠላ ቋንቋ ወይን መቅመስ

አሁን ወደ ብርጭቋችን እንመለስ። ልጆቻችን ለወይን የሚናገሩት ቃል ብዙ ነው፤ እኛ ግን በራሳችን ቃል መቅመስ እንችላለን።

መጀመሪያ ብርጭቆውን አትሙሉት፤ ሲሶውን ብቻ ቅዱ። ወይን የሚሸተት መጠጥ ነው፣ ሽታው መሰብሰቢያ ይፈልጋል። ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ቀለሙን እዩ። ቀይ ወይን ገና ልጅ ሲሆን ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ያደላል፣ ሲያረጅ እንደ ሸክላ ይቀላል። ትንሽ ደፍርሶ ብታዩት አትደንግጡ፤ ብዙ ትንንሽ ቤቶች ወይናቸውን ብዙ አያጣሩም። ሥሩ የሚቀረው አተላ ነው፣ ጉዳት የለውም፤ ጠርሙሱን ቀስ አድርጋችሁ አዘንብሉ።

ቀጥሎ አወዛውዛችሁ አሽትቱ። ጋን በወይራ ሲታጠን ጠላው የሚይዘውን ሽታ ታስታውሳላችሁ? በኦክ እንጨት በርሜል የቆየ ወይንም እንዲሁ ነው። በርሜሉ ከውስጥ በእሳት ይለበለባል፤ ጭሱና እንጨቱ ወደ ወይኑ ይገባል። የእኛ ዕቃ አጣኝና የእነሱ በርሜል ሠሪ አንድ ነገር ነው የተረዱት፤ መጠጥ የዕቃውን ጠባይ ይወርሳል።

ከዚያ ቅመሱ፤ አትዋጡት፣ አፋችሁ ውስጥ አዙሩት። የሚኮመጥጠው የፍሬው ነው፤ ወይኑን በሕይወት የሚያቆየው እሱ ነው። ድድን ጭምድድ የሚያደርገው ደግሞ ከልጣጩና ከዘሩ የሚመጣ ነው። ጌሾ የበዛበት ጠላ ምላስን እንዴት እንደሚይዝ የምታውቁ ናችሁ፤ ጌሾ ከሌለ ጠላ ጠላ አይሆንም፣ ሲበዛ ደግሞ ይመራል። ወይንም እንደዚሁ ነው፤ ጥሩ ወይን ማለት ኮምጣጣው፣ መራራውና የፍሬው ጣዕም አንዱ ሌላውን ያልዋጠበት ነው። ከዋጣችሁት በኋላ ጣዕሙ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ቁጠሩ። ቶሎ ከጠፋ ተራ ነው፤ ከቆየ ልጁ ገንዘቡን በከንቱ አላወጣም።

ሌላ ምክር፦ በዚህ አገር በጋ ቀይ ወይን ከመደርደሪያ አውርዶ መጠጣት አያስደስትም። ሩብ ሰዓት ፍሪጅ አስገቡት። ሰልፋይቱ ያነሰ ወይን ሙቀት ስለማይወድ ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ከተከፈተም ሁለት ሦስት ቀን በፍሪጅ ነው ዕድሜው። ጠላ ቀላል መጠጥ ነው፣ ወይን ግን በመቶ 12 እስከ 14 አልኮል አለው። በጠላ ልክ ከተጠጣ ይጥላል። መድኃኒት የምትወስዱ ወላጆች መጀመሪያ ሐኪም ጠይቁ፤ ኪዱሽ በወይን ፍሬ ጭማቂም ይቻላል።

እጁ

የዚያች ዬኬቭ ጉብኝታችን ገና አላለቀም። ጥንስሱን ያሸተቱት እናት ደስ ብሏቸው ወደ ጋኑ ቧንቧ እጃቸውን ሲዘረጉ ባለቤቱ «እማማ፣ ይቅርታ፣ እባክዎን አይንኩ» አለ። ሁላችንም ቀዘቀዝን። ስለ ምን እንደቀዘቀዝን የእኛ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ሰውዬው ፊታችንን አይቶ ቶሎ ብሎ አስረዳ። «እኔም አልነካም» አለ። ወይኑ ካሸር እንዲሆን ከጭመቃው ጀምሮ እስኪታሸግ ድረስ ሰንበት ጠባቂ አይሁዳዊ ብቻ ነው የሚነካው። እሱ ሰንበት መኪና ስለሚነዳ፣ በገዛ ወይኑ ላይ ሌላ ሠራተኛ ቀጥሯል፤ እሱ ከሩቅ ሆኖ ይናገራል፣ ሠራተኛው ይቀዳል። ሕጉ የቆየ ነው፤ መጀመሪያ ለጣዖት የተደፋ ወይን እንዳይጠጣ፣ ቀጥሎም ከሌላው ሕዝብ ጋር መጋባት እንዳይመጣ ሊቃውንቱ ያቆሙት አጥር ነው። የተፈላ ወይን፣ ሜቩሻል የሚባለው፣ ከዚህ ነፃ ነው።

እማማ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ «እኛም አገር እንዲህ ነበርን» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በጎንደርም በትግራይም ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» እያሉ ይጠሩን ነበር። ከገበያ ስንመለስ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተነካክተን ከሆነ፣ ወንዝ ወርደን ሳንታጠብ ቤት አንገባም። ሌላ ሰው ያበሰለውን አንበላም፣ የጠመቀውን አንጠጣም። የእናቶቻችን እንስራና ጋን የባዕድ እጅ አይነካውም ነበር። ስድቡንም መገፋቱንም ስለዚህ ችለን ኖርን።

እንዲህ የኖረ ሕዝብ አገሩ ገብቶ ምን ገጠመው? ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973፣ ከእሳቸው በፊት ራድባዝ በ16ኛው መቶ ዓመት የጻፉትን ይዘው፣ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ። በ1975 የመመለስ ሕግ ለእኛም ጸና። ሆኖም በ1985 እንደገና ጥምቀት ግቡ ተባልን፤ ወላጆቻችን በኢየሩሳሌም በዋናው ራባኑት ፊት ሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አንድ ትልቅ የወይን ፋብሪካ፣ ጥብቅ የሚባል ተጨማሪ የካሽሩት ማኅተም ለማግኘት ሲል፣ የእኛን ልጆች ወይኑን ከሚነካ ሥራ ማንሳቱ በዜና ተሰማ። አይሁድነታቸው ያጠራጥራል ተብሎ! በወቅቱ ዋና ረቢ የነበሩት ይጽሐቅ ዮሴፍ፣ የረቢ ኦቫድያ ልጅ፣ ይህ ከዘረኝነት ሌላ ምንም ምክንያት የለውም ብለው አወገዙ። የዋናው ራባኑት ምክር ቤትም የረቢ ኦቫድያን ውሳኔ እንደራሱ አድርጎ መቀበሉ በ2020 መጀመሪያ ተነገረ።

ልዩነቱን ልጆቻችን እንዲያውቁት እንፈልጋለን። የዚያች ትንሽ ዬኬቭ ባለቤት «አይንኩ» ያለን ሕጉ በራሱም ላይ ስለሚሠራ ነው። ማንም ጎብኚ ቢሆን ይለዋል። እንዲህ ያለውን አጥር እኛ እናከብራለን፣ አጥር ምን እንደሆነ በአጥር ውስጥ ኖረን እናውቃለንና። በ2018 የሆነው ግን ሌላ ነው። እዚያ የተመዘነው ሰንበት መጠበቁ ሳይሆን የሰውየው ቆዳና የወላጆቹ አገር ነው። ከወንዝ ሳንታጠብ ቤት ያልገባን ሰዎች እጃችን ወይን ያረክሳል ሲባል ዝም ማለት አንችልም።

ከዬኬቩ ልንወጣ ስንል ሰንበት ጠባቂው ሠራተኛ መጣ። ወጣት ነው፣ ኪፓ አድርጓል፤ «ሰላም ናችሁ?» አለን በአማርኛ። የእኛው ልጅ ነው! በዚያ ቤት ወይኑን የሚነካው የእሱ እጅ ነው። ባለቤቱ እንኳ ከእሱ ፈቃድ ውጭ አይከፍትም። እማማ ጉንጩን ሳሙትና «በል እንግዲህ ጥንስሱን ነገ ጠዋት እየው፣ እንዳይገነፍልብህ» ብለው መከሩት። እሱም «እሺ እማማ» አለ።

ውድ ወላጆቻችን፣ በሚቀጥለው ዓርብ ልጃችሁ ያንን የሚኮመጥጥ ጠርሙስ ሲያመጣ አትግፉት። ትንሽ ቅዱና አሽትቱ፣ ቅመሱ፣ የሚሸታችሁንም በአማርኛ ንገሩት። ወይራ ከሸተታችሁ ወይራ በሉ፣ ጥንስስ ከሆነም ጥንስስ በሉ። ከዚያ እናታችሁ ጠላ እንዴት ትጠምቅ እንደነበር፣ ጋኑን በምን ታጥን እንደነበር፣ ጌሾውን ስንት ቀን ታቆይ እንደነበር አጫውቱት፤ ከቻለም ይጻፈው። እሱ የወይኑን ነገር ያስተምራችሁ፣ እናንተም የጋኑን አስተምሩት።

ሻባት ሻሎም፣ ሰንበታችሁ ይባረክ።